ተረከዜ መሬት አልነካ ያለ ጊዜ

መጀመሪያ የተሰማኝ አንድ ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ግራ እግሬን መሬት ሳሳርፍ ነው። ተረከዜን ምስማር የወጋኝ መሰለኝ። ትንሽ ስንቀሳቀስ ለቀቅ አደረገኝ፤ በማግስቱ ግን ተመለሰ። ጭሮ ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ነው የምቆመው። ሕመሙን ለመሸሽ ተረከዜን አንሥቼ በጣቴ ጫፍ መርገጥ ጀመርኩ። ቀለለኝ። መላ ያገኘሁ መስሎኝ ወራት አለፉ።

አባቴን ልጠይቅ ወደ ትውልድ ቀዬዬ መሰላ ስሄድ፣ ግቢውን ሳቋርጥ አይቶኝ ሳቀ። «ምነው ልጄ፣ እንደ ሌባ እያደባህ ትገባለህ? ሐኪም ይይህ እንጂ!»

«ኢንሻአላህ፣ የልጆቹ ፈተና ይለፍና» አልኩት።

ፈተናው ሳያልፍ አባቴ በድንገት አረፈ።

ጀናዛውን ልሸከም ትከሻዬን ሰጠሁ። መቃብሩ ዳገት ላይ ነው። ባቴ ተኮማተረ። ተረከዜን ላሳርፍ ሞከርኩ። አልወርድ አለ። ቃሬዛው ወደ እኔ ዘመመ። ታላቅ ወንድሜ በጆሮዬ «ልቀቅ፣ ትጥለዋለህ» አለኝ። ለቀቅኩ። እያነከስኩ ስደርስ አፈር አልብሰውታል።

ከለቅሶው በኋላ ጭሮ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሕመሙ ፕላንታር ፋሺያይቲስ፣ የውስጥ እግር ጅማት መቆጣት ነበር። በእንቅስቃሴ የምታክመው ፊዚዮቴራፒስት ጫማዋን አውልቃ በጣቶቿ ጫፍ ቆመች። «ይዩ መምህር፣ እኔ ጤነኛ ነኝ። ግን እንዲህ ስሄድ ክብደቴ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ላይ አይታጠፍም፣ ባቴም አያርፍም። እርስዎ ወራት እንዲህ ስለሄዱ የባትዎ ጡንቻና ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው የአቺለስ ጅማትዎ አጥሯል።»

«ይመለሳል?»

«ይመለሳል። ቀስ ብሎ ነው።»

ጠዋትና ማታ ግድግዳ ተደግፌ ባቴን ስስብ፣ አልጋ ላይ ሆኜ በፎጣ ጣቶቼን ወደ እኔ ስጎትት፣ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ አድርጌ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ እየተቀመጥኩ ሳስተምር ከረምኩ፤ ተረከዜም መጀመሪያ በጭንቅ፣ ኋላም ሳላስበው መሬት መንካት ጀመረ። አልሐምዱሊላህ። ያቺን ባለሙያና በየሳምንቱ ከመሰላ እየመጣ እንቅስቃሴውን ያሠራኝን ወንድሜን አመሰግናለሁ።

ጠዋት ተረከዛችሁን የሚወጋችሁ ሰዎች፣ በጣት ጫፍ መሄድ ሲያሳርፋችሁ ዳንን አትበሉ። ቶሎ ሐኪም ይያችሁ። የኔ እግር ድኗል። አባቴን መሸከም ግን አንዴ ብቻ ነበር የሚቻለው።