ከጥቁር አደንጓሬ የሠራሁት አሹቅ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሁዳዴ ተጋምሷል። ዛሬም ጥቁር አደንጓሬ ሳይ ያ ዓርብ ትዝ ይለኛል። ያን ቀን ሰው ገድዬ እኔም ልጠፋ ነበር።

አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለወጣ ቁስቋም ዳገቱ ሥር ከእናቱ ከእትዬ በለጡ ጋር እኖራለሁ። እትዬ በለጡ ደግሞ ምራት በቀላሉ የሚጥማቸው ሴት አልነበሩም።

ወንድሜ የኩባ ሐኪሞች ሹፌር ነበር። ከነሱ ያገኘውን ጥቁር አደንጓሬ በከረጢት አመጣልኝ። "ዘፍዝፈው፣ በነጭ ሽንኩርት ቀቅለው ቀቅለው በሩዝ ይበሉታል" አለኝ። ሩዝ ከየት አባቴ ላምጣ? ባቄላም ያው አደንጓሬም ያው ብዬ፣ አመስ አመስ አድርጌ ዘፈዘፍኩና ጨው ነስንሼ አሹቅ አደረግሁት።

ዓርብ እትዬ በለጡ ከቅዳሴ ሲመለሱ አቀረብኩላቸው። ሳህኑን ጨረሱት።

ብዙም ሳይቆይ ያስመልሳቸው ጀመር። ፊታቸው አመድ መሰለ። ጎረቤት ሲሰበሰብ "እሷ ናት ያበላችኝ" አሉ። በቃ። ይህን የሰማ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ።

"ምን አበላሻቸው? ከየት አመጣሽው?"

ኩባዎች ብል የወዳጅ አገር ስም አጠፋሽ ልባል ነው፤ ወንድሜም ሊያዝ ነው። ከድስቱ ዘግኜ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ደገምኩ።

"መርዝ ከሆነ እኔም ልሙት" አልኩት።

"እናያለና" ብሎ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

ወይ ጉድ፣ ምን ነካኝ! ትንሽ ቆይቶ ሆዴ ይታመስ ጀመር። ካስመለሰኝ አለቀልኝ። ጥርሴን ነክሼ፣ እያላበኝ፣ እመቤቴን እየተማጸንኩ ቆየሁ። አልሆነም። እትዬ በለጡ አጠገብ ተንበርክኬ በሳቸው ባልዲ አስመለስኩ።

ሰውየው ብድግ አለ። "ተነሺ፣ እንሂድ።"

ያን ጊዜ እትዬ በለጡ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ደገፉኝ። "ተዋት" አሉት፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። "ጥሬ መሆኑን ጥርሴ እያወቀው በሆዳምነቴ የበላሁት እኔ ነኝ። ልጄን የትም አትወስዳትም።"

እያጉረመረመ ወጣ። ሲመሽ ሁለታችንም ተሻለን። በማግስቱ ወንድሜ ሐኪሞቹን ጠይቆ፣ አደንጓሬ በደንብ ካልተቀቀለ እንደሚመርዝ ነገረን።

አሁን ልጆቼ በሾርባውም በሰላጣውም ይሠሩታል። እኔም እስኪፈርስ ቀቅዬ እበላዋለሁ። እትዬ በለጡ ካረፉ ቆዩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ግን አሁንም አንዳንዴ ያባንነኛል። ያን ሰዓት ራሳቸውን ስተው፣ እኔም ተወስጄ ቢሆን ኖሮስ? በማግስቱ ነቅተው "ልጄን መልሱልኝ" ቢሉ፣ ማን ይመልስላቸው ነበር?