ማሳ መሀል የተቋረጠው የጎማ ዱካ

ነገሩ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ቀይ ሽብር ጎንደርን ባስጨነቀበት ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ የዕድሜ ነገር ነው። ይህን ግን ዝናብ ባባራ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

አሁን እንድጽፈው ያነሣሡኝ የሰፈሬ ወጣቶች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብስክሌት እየነዱ ወደ ገጠር ይወጣሉ። ጎማቸው ክንድ ያክላል፣ ራሳቸው ላይ ቅል የመሰለ ቆብ ይደፋሉ። እኔ ድሮ ለሥራ በብስክሌት እመላለስ እንደነበር ሰምተው «ጋሼ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ በየት በኩል ብንወጣ ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ። መንገዱን ነገርኳቸው። እንዴት እንዳወቅኩት ግን አልነገርኳቸውም፤ እየሳቁ ነበር የመጡት፣ ሳቃቸውን ማበላሸት አልፈለግኩም።

ያኔ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ ነበርኩ። የምሠራው በኮላ ድባ በኩል ባለች አንዲት የገጠር ክሊኒክ ሲሆን ሰኞ ወርጄ ዓርብ ጎንደር እናቴ ቤት እመለሳለሁ። ከጣሊያን የተረፈች ከባድ ብስክሌት ነበረችኝ። የጭቃ መከላከያዋን፣ ፓራፋንጎዋን፣ ገና በመጀመሪያው ክረምት ራሴ ነቅዬ ጥዬዋለሁ፤ ጭቃ እየተጠቀጠቀበት ጎማውን ያንቀው ነበር።

ለልጆቹ የነገርኳቸው ይህን ነው። ቀይ አፈር ያንሸራትታል እንጂ አይዝም፤ ፍሬን ሳትነኩ፣ ሰውነታችሁን ሳታደርቁ ከወረዳችሁ ይለቃችኋል። ግጦሽ ውኃ ካልተኛበት መልካም ነው። ከሁሉም የጅረት ዳር ጠጠር ይበልጣል። ዋልካ ግን፣ ያ የደምቢያ ጥቁር አፈር፣ ክፉ ነው። እየዘነበ ሳለ ያሳልፋችኋል። የሚይዛችሁ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ ስትል ነው። ያን ጊዜ ሊጥ ይሆናል፤ እናንተ ብስክሌቱ ላይ መውጣታችሁ ይቀርና እሱ እናንተ ላይ ይወጣል።

በዚያ ነሐሴ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲስተር ወይንሸት የምትባል የሥራ ባልደረባዬ እቤት መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ቁጭ በይ ብንላት እንቢ አለች።

«ደምሴን ወስደውታል። ያንተም ስም ተነሥቷል። ነገ ወደ ሥራ ስትወርድ አዘዞ ኬላው ላይ ይጠብቁሃል» አለችኝና ወጣች።

ደምሴ አብሮ አደጌ ነው። ምን አጥፍታችሁ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ በዚያ ጊዜ የሰው ጓደኛ መሆን ይበቃ ነበር። እናቴ ሌላ ልጅ አልነበራትም። ያን ማታ ስንቅ ቋጠረችልኝ። «ሂድ። ደህና ነኝ ብለህም ቢሆን መልእክት አትላክብኝ፤ የሚያመጣውንም ሰው ይይዙታል» አለችኝ።

ሐሳቤ አዘዞን በኮረብታው በኩል ዞሬ የደምቢያን ሜዳ ማቋረጥና ከኮላ ድባ ወዲያ ካለች አክስቴ ዘንድ መድረስ ነበር። ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል። የክሊኒኩን መድኃኒት ዓርብ ዕለት ስለተረከብኩ ቦርሳዬ ሙሉ ነው፤ ድንገት የሚያስቆመኝ ቢኖር ሥራ ልሄድ ነው እላለሁ ብዬ ሳይነጋ ይዤው ወጣሁ።

ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ያደረው ዝናብ ጎህ ሲቀድ ቀጥ አለ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀዩን ቁልቁለት ወርጄ ዞር ስል ግን ደስታዬ ጠፋ። ከኋላዬ አንዲት ቀጭን መስመር እየተጠማዘዘች እስከ ኮረብታው አናት ትታያለች። ዝናቡ ቢቀጥል ኖሮ ያጠፋት ነበር። በዚያ አካባቢ ደግሞ ከእኔ በቀር ብስክሌት የሚነዳ የለም። በሄድኩበት ሁሉ ስሜን መሬት ላይ እየጻፍኩ ነው ማለት ነው።

ሜዳው አፋፍ ላይ ስደርስ ሁለት ሰዎች አየሁ። አንደኛው ካኪ ኮት ለብሶ ጠመንጃ አንግቷል። ሁለተኛው ሸምገል ያሉ ናቸው፣ ዱላ ይዘዋል። ጎንበስ ብለው መሬት መሬት እያዩ በእኔ መስመር ላይ ይመጣሉ።

ያስፈራኝ ዝምታቸው ነው። ቁም አይሉም። አይጣሩም። ብቻ ይፈጥናሉ። በዚያ ዘመን የሚጮኽብህን ሰው ብዙ አትፈራውም፤ የምትፈራው ዝም ብሎ የሚከተልህን ነው።

ወደ ግጦሹ ታጠፍኩ። ሣር ዱካ አይዝም ብዬ ነበር፤ ለካስ ጠዛው ላይ ያለፈ ጎማ ጥቁር መስመር ይተዋል። እንደገና ዞር ስል ሁለቱም ሣሩ ውስጥ ገብተዋል። ብስክሌቴን ተሸክሜ ጅረት ውስጥ ገባሁና ጠጠር ጠጠሩን ብዙ ሄድኩ። ወጥቼ አንድ ቋጥኝ ሥር ተቀመጥኩ። አሁንስ ጠፋሁባቸው አልኩ።

ትንፋሼ ሳይመለስ ባለጠመንጃው በወዲያኛው ዳር፣ ሽማግሌው በወዲህኛው ዳር ብቅ አሉ። ጅረቱን ተካፍለውት ኖሯል። ሽማግሌው አዩኝ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እጃቸውን አንሥተው ለባለጠመንጃው ምልክት ሰጡ እንጂ አሁንም ድምፅ አላወጡም።

ከፊቴ የቀረው የታረሰ ዋልካ ብቻ ነው። ፀሐይዋ ወጥታለች። ሊይዘኝ እንደሚችል እያወቅኩ ገባሁበት፤ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? ጥቂት እንደነዳሁ ጎማዎቹ የጭቃ ድቡልቡል ሆኑና መዞር አቆሙ፣ ካቴናው ተበጠሰ። ተሸከምኳት። ከነጭቃዋ ያለችውን ብስክሌት በሬ አይሸከማትም። ማሳው መሀል ስደርስ ቀኝ ጫማዬን ጭቃው ውጦ አስቀረው፣ እኔም በጉልበቴ ወደቅኩ። በቃኝ። ብስክሌቷን ጥዬ እጆቼን ወደ ላይ አነሣሁ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም፤ እናቴ በማን አፍ ትሰማው ይሆን ነበር ያልኩት።

ባለጠመንጃው መጀመሪያ ደረሰ። ከዚያ የገበሬ ወንድ የማያደርገውን አደረገ። ጠመንጃውን ጭቃው ላይ ጣለና እግሬ ላይ ተደፋ።

«የኔ ጌታ፣ ምነው ሸሹን? ምነው?» ይላል። ያለቅሳል።

ሽማግሌው እያለከለኩ ደረሱ። ግራ ቀኝ ተመለከቱ። በሜዳው ላይ ከሦስታችን በቀር ሰው የለም። ቢሆንም አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አስጠግተው በሹክሹክታ ነገሩኝ። ልጃቸው እናኑ ሌሊት ስታምጥ አድራ ሕፃኑ ወጥቷል፣ እንግዴ ልጁ ግን ቀርቷል። ደሙ አልቆም ብሏል። ሐኪም ፍለጋ ወደ ጎንደር ሲወጡ መንገድ ላይ የጎማዬን ዱካ አዩና የሐኪሙ ነው ብለው ተከተሉኝ። ወጣቱ ባሏ ነው፤ ካኪ ኮቱንም ጠመንጃውንም የሰጠው የገበሬ ማኅበሩ ነው።

«ታዲያ ምን አለበት ሐኪም ብላችሁ ብትጣሩ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ከፍርሃቴ ብዛት ተቆጣሁ።

ሽማግሌው ደንግጠው አፌን ሊይዙኝ ምንም አልቀራቸው። «ዝግ ይበሉ እንጂ! የምጥ ነገር በሜዳ ይጮኻል? ሳትገላገል ወሬው ከሰፋ ይጠናባት የለ?»

ይህን ልማድ አውቀው ነበር። እንኳን መንገደኛ፣ ጎረቤትም እንዳይሰማ እንደሚደብቁ በሥራዬ ስንቴ አይቻለሁ። ፍርሃት ግን የሚያውቁትን ያስረሳል። ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ነገር ከሆዴ ወጣ።

ጫማዬን ለማውጣት ስጎነበስ ሽማግሌው፣ አያ ዋሴ ይባላሉ፣ እጄን ያዙኝ። «ይተዉት፣ እኔ እመጣለታለሁ። እሷ ትቅደም።» ሁለተኛውንም አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ባልየው ብስክሌቷን እንደ ታመመ ጥጃ ትከሻው ላይ ጫናት። ሦስታችንም ባዶ እግራችንን በማሳው ድንበር ይዘን ወደ መንደራቸው ሄድን።

እናኑን ሳያት የቀረች መሰለኝ። ከንፈሯ ነጥቷል፣ የልብ ትርታዋ በእጅ አይገኝም። እጄን ታጠብኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ማኅፀን የሚያኮማትር መርፌ ወጋኋት፣ እንግዴ ልጁንም በእጄ አወጣሁት። እንዲህ ያለውን ሥራ በሰላሙ ጊዜ ሐኪም አጠገቤ ካልቆመ አልደፍረውም ነበር። ደሙ ቀስ በቀስ ቆመ። እኩለ ቀን ላይ «ውኃ» አለች። ውጭ የተቀመጠው ባሏ ድምፅዋን ሲሰማ ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ ቀረ።

አያ ዋሴ ያን ጊዜ ጫማዬን ሊያመጡ ተነሡ። ሲመለሱ ግን እጃቸው ባዶ ነው፣ ፊታቸው ተለውጧል። በሩን ከውስጥ ዘጉት።

«አራት ናቸው። ከከተማ የመጡ ናቸው፣ መሣሪያቸው ያብረቀርቃል። ያንቱን የጎማ ዱካ ይዘው ነው የመጡ» አሉኝ።

አራቱ ሰዎች ከኮረብታው ጀምረው መስመሬን ሲከተሉ መጥተው ማሳው መሀል ላይ ዱካው አልቆባቸዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የባዶ እግር ዱካ ነው፤ የገበሬ ነው ብለው ተዉት። ጫማዬን ከበው ቆመው ሳለ አያ ዋሴ ደረሱባቸው።

«‹የዚህ ጫማ ባለቤት የት ገባ?› አሉኝ። ‹እኔ ጥጃ ጠፍቶብኝ ነው የወጣሁ። ይህ ማሳ ግን ክፉ ነው፣ አምና የቄሱን በቅሎ ውጧል› አልኋቸው። አንዱ ሊመታኝ ቃጣ። በኋላ ጫማውን ባፈሙዙ አነሣና ይዞት ሄደ።»

እነ አያ ዋሴ ባይደርሱብኝ ኖሮ ዋልካው ለእነዚያ ነበር ይዞ የሚያቆየኝ። የሸሸሁት ከሚያድኑኝ ሰዎች ነው፤ ገዳዮቼ መኖራቸውን እንኳ አላየሁም።

ያ ቤተሰብ ብስክሌቴን ጭድ ክምር ውስጥ ደብቆ፣ እኔን ደግሞ ከልጆቹ እንደ አንዱ ቆጥሮ አኖረኝ። ቢያዝ ቤቱ እንደሚቃጠል ያውቅ ነበር። በኋላም ከዘመድ ወደ ዘመድ እያሳለፉኝ ሁለት ክረምት ቆየሁ። የሚገርመው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የፈለገኝ ሰው አልነበረም። ለእናቴ እንዳዘዘችኝ መልእክት አልላክኩም።

ምክንያቱን የሰማሁት ከተማው ትንሽ ረጋ ሲል ተመልሼ ነው። አራቱ ሰዎች አመለጠን ቢሉ በራሳቸው ላይ ሊመጣ ነው። ስለዚህ ገደልነው ብለው አወሩ። ለማስረጃም ጫማዬን ወስደው እናቴ ደጃፍ ላይ ጣሉት። «ልጅሽ ይኸው። ማልቀስ ክልክል ነው» አሏት።

ጫማውን አወቀችው። ጮኻ አላለቀሰችም። ጎረቤቶች ጨው ልበደር፣ እሳት ልጫር እያሉ አንድ አንድ ሆነው እየገቡ ጓዳ ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ አብረዋት አልቅሰዋል። ደምሴ ደግሞ እንደወጣ ቀረ፤ የእሱ እናት ጫማ እንኳ አልደረሳትም።

የገባሁበት ቀን እናቴ ደጅ ተቀምጣ ነበር፣ ጥቁር ለብሳ። ስሜን አልጠራችም። ፊቴንም ብዙ አላየችም። ቀረብ ስላት ከመቀመጫዋ ወርዳ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ የቀኝ ጫማዬን ክር ፈታች፣ እግሬን በሁለት መዳፏ ያዘችና ታሻሸው ጀመር።

«በረደህ?» አለችኝ።

በኋላ ነው የነገረችኝ። መሞቴን ተቀብላው ነበር። እንቅልፍ የነሣት አንድ እግሬ ባዶውን እንደሆነ ጉድጓድ ውስጥ መጣሌ ነበር።

የእናኑ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፣ በየበዓሉ ይጠይቀኛል። አያ ዋሴን ሳስብ ምስጋናዬ ማለቂያ የለውም። እነዚያን አራት ሰዎች ሳስብ ግን ምን እንደምል አላውቅም፤ ውሸታቸው እኔን አትርፎ እናቴን በቁሟ ቀበራት። ዝናብ ሲያባራ አሁንም ተመስገን እላለሁ። ወዲያው ግን እናቴ ትመጣብኛለች። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ የልጄ እግር ራሰ እያለች ተቀምጣ ነበር።