የዚሩ ውሃ

በአል-ጣኢፍ ከተማ በምንሠራበት ቤት ሦስት ነበርን፦ እመቤቲቱ፣ ቤቱንና የዓሣ ገንዳውን መስታወት የምታጸዳው ልጄና በገንዳው ያሉትን የጨው ውሃ ዓሦቻቸውንና ኮራሎቻቸውን የምንከባከበው እኔ።

ኮራሎቹን አረንጓዴ አልጌ ሲወርሳቸው፣ ልጄን በእመቤቲቱ ፊት፣ “ስንፍናሽ ነው!” ብዬ ተቆጣኋት።

“አባዬ፣ መስታወቱን ዛሬ ሁለቴ ፈግፍጌዋለሁ። ውሃውን መርምረው።”

“ያላ፣ ድገሚው!”

በሳምንቱ እመቤቲቱ አሰናበቷት።

ከዚያ በኋላ ነው የመረመርኩት። በትነት የጎደለውን የምሞላው፣ ደጃፍ ላይ ለመንገደኛ ከሚቀመጠው፣ ዚር ከሚሉት የሸክላ ጋን እየቀዳሁ ነበር። ሰው የሚጠጣው ዓሣን ምን ያደርገዋል ብዬ፣ የተጣራውን ውሃ ትቼው ነበር። ለካ አልጌውን የሚመግበው ናይትሬት የሞላው በዚሩ ውሃ ውስጥ ነው።

ለእመቤቲቱ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ግን ቀድመው ሌላ ሠራተኛ ቀጥረው ነበር።

እሳቸው ኮራሎቻቸውን አጡ፤ ልጄ ሥራዋን። እኔም ልጄ ፊት የነበረኝን ተሰሚነት አጣሁ፦ ዛሬ ስቆጣት፣ “መርምረሃል?” ትለኛለች።