አየሩ እስኪጠፋ

በዚያ ጠዋት በሆቴሉ መግቢያ አዳራሽ የነበርነው እነዚህ ነን። ልጄ ከአሳንሰሩ አጠገብ፣ አበባ ከተተከለበት ትልቅ ማሰሮ ሥር ቆማለች። ባሏ ከእሷ ራቅ ብሎ ምሰሶው ዘንድ ስልክ ይዟል። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ከጠረጴዛዋ ኋላ መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጥማ እንደ ወትሮው እጅ ትነሣለች። በረኛው ነጭ ጓንቱን አጥልቆ የመስታወቱን በር እጀታ ይዟል። እኔ ከአሳንሰሩ ወጥቼ አዳራሹ መካከል ደርሻለሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ ነው የለበስኩት። የሐዘን አለባበስ ለብሼ ስወርድ፣ ሰው ሞተብሽ ብሎ ያረዳኝ ማንም አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ከዓይኔ ነው። መካነ ሰላም ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ በግራ ዓይኔ ላይ ጥቁር መጋረጃ ከጎን መጥቶ ቆመ። ደሴ አሉኝ፤ አዲስ አበባ አሉኝ፤ በመጨረሻ ልጄ ባንኮክ እንሂድ አለች። እሷና ባሏ አዲስ አበባ ይነግዳሉ፣ ለዕቃ ወደዚያ ከተማ ይመላለሳሉ፤ ሐኪም ቤቱንም ሆቴሉንም ያውቁታል። እኔ ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት የጽሕፈት መኪና እየመታሁ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከአዲስ አበባ ወዲያ አገር አላውቅም ነበር።

መናኸሪያ ድረስ የሸኘኝ ወንድሜ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር ቄስ ነው፤ ከእኔ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ገበያ በወጣ ቁጥር እኔ ቤት ይበላ ነበር። ደረቱን ያፍነዋል። አብረን እንሂድና አዲስ አበባ ሐኪም ይይህ ብለው፣ «እኔን የሚያየኝ አለ» ብሎ እምቢ አለ። መቋሚያውን ተደግፎ እያለከለከ መጥቶ በላስቲክ የተቋጠረ በሶ ሰጠኝ፤ ከራሱ ማሳ ገብስ ነው።

«ጾሙ እዚያ ይገባብሻል። ያ አገር ባሕር ነው አሉ፤ ዓሣ ያበሉሻል።»

«አልበላም እላቸዋለሁ።»

«ዓሣ ጾም ነው ይሉሻል፤ አንቺም እሺ ትያለሽ። አስኳላ የገባ ሰው ዓሣ ይወዳል።»

«በሶህን በጥብጬ እጠጣለሁ፤ አሁን ተወኝ።»

ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮቱ ተጠጋ። «እታለም፣ ያ ዓይንሽ ሲበራ መጀመሪያ መጥተሽ እኔን እዪኝ። እንዴት እንዳረጀሁ የሚነግረኝ የለም።»

«አሁንም እያየሁህ ነው።»

«አሁንማ ግማሼን ነው።»

ረዳቱ በሩን ዘጋው።

ቀዶ ሕክምናው ከባድ አልነበረም። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሐኪሟ ትንሽ ልጅ የምትመስል ሴት ናት። ከዓይኔ ጀርባ የተላቀቀውን ሽፋን መልሳ ለጠፈችው፤ እንዲይዝም ዓይኔ ውስጥ አየር ሞላች። አየሩ ሽፋኑን ደግፎ እንዲያቆይ ፊቴን ወደ መሬት ደፍቼ መሰንበት ነበረብኝ፤ ስበላም ስተኛም። አየሩ ከዓይኔ እስኪጠፋ አውሮፕላን አይታሰብም፤ ሰማይ ላይ ያብጥና ዓይንን ያፈርሳል። ዓይን ማሸት፣ ከባድ ነገር ማንሣት፣ ማልቀስ ክልክል ነው። ልጄ ይህን ሁሉ ስትተረጉምልኝ ማልቀስን ሁለት ጊዜ አለችው። ያን ጊዜ የሚያስለቅስ ነገር አልነበረኝም።

ስለዚህ ያን ሆቴል መጀመሪያ ያወቅሁት በወለሉ ነው። ፊት የሚያሳይ ጥቁር እብነ በረድ ነበር፤ በየሰዓቱ ይወለወላል። የሠራተኞቹን መልክ ሳላይ ጫማቸውን ለየሁ። ቁርስ የምታቀርበዋ ልጅ ግራ እግሯን በትንሹ ትጎትታለች። የአሳንሰሩ ምንጣፍ ላይ የቀኑ ስም በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል፤ በየማለዳው ይቀይሩታል። እንዲህ ያለ ትርፍ ሥራ አይቼ አላውቅም። ሆኖም ማክሰኞን ከረቡዕ የምለይበት እሱ ስለነበር በየቀኑ አነበው ነበር።

በዚያ ሰሞን ጎረቤቴ ደወለች። ቤታችን በአንድ አጥር የተያያዘ፣ ቁልፌን የምትይዝልኝ እስላም ሴት ናት። ልጄ ስልኩን ከፊቴ ሥር ያዘችልኝ።

«አንቺ፣ ያ ቁጡ ቄስሽ መቀመጫ ነሣኝ እኮ! ገና ሳይነጋ በሬን እየደበደበ፣ እህቴ ምን አለች ይለኛል። ጾሙን በዓሣ ልትቀበለው ነው አልኩት።»

«ምን አለ?»

«መቋሚያውን አነሣብኝ! ወላሂ ሮጬ ጓዳ ገባሁ። እንዲያ እያለከለከም ጉልበት አለው።»

ፊቴን እንደደፋሁ ሳቅሁ። «ዓይንሽ!» አለችኝ ልጄ።

ከዚያ ወዲህ መስመር ጠፋ። እኛ አገር መስመር ይጠፋል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ልጄ «ዛሬም ኔትወርክ የለም፣ እማዬ» ስትለኝ አመንኳት።

ቀና እንድል ሲፈቀድልኝ ከተማውን ታሳየኝ ጀመር። ከሆቴሉ ደጅ በሚነሣ ጀልባ ወንዙን ሽቅብ ወጣን። ሰማይ የሚነኩ ሕንፃዎች ሥር በቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶች እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ቆመዋል፤ አንዲት ሴት ከደረጃዋ ላይ ቁጭ ብላ ልብስ ታጥባለች። ወደ ትልቁ ቤተ መቅደሳቸው ወሰደችኝ። በር ላይ ጫማ አውልቁ ሲሉን ደስ አለኝ። ውስጥ በወርቅ የተለበጠ ምስል እንደ ታመመ ሰው በጎኑ ተጋድሟል፤ ርዝመቱ የእኛን ገበያ ከዳር እስከ ዳር ይይዛል። ማለዳ ማለዳ ደግሞ መነኮሳቱ ጎድጓዳ ሳሕን ይዘው በየደጁ ሲዞሩ ሰዎች ምግብ ይከቱላቸዋል። ወንድሜ ልጅ ሳለ አኩፋዳ ተሸክሞ እንዲሁ ለምኖ ነው የተማረው። ስመለስ የምነግረው ነገር ብዬ ይህን አስቀመጥኩት።

ጾሙም ገባ። ቁርስ ቤት ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት አልበላም ብዬ በእጄ ሳሳያት፣ ያቺ እግሯን የምትጎትተው ልጅ ወዲያው ገባት፤ እነሱም ለካ እንዲህ ያለ ጊዜ አላቸው። እንጉዳይ በሩዝ አመጣችልኝ። ሾርባው ዓሣ ዓሣ ሲለኝ መልሼ ወደ ክፍሌ ወጣሁና በሶዬን በጠበጥኩ።

ሁሉ ነገር ተሟልቶልኝ ነበር፤ ግን መቀመጥ አቃተኝ። የሆቴሉ ወንበር ይውጠኛል። አልጋው ላይ በየቀኑ ፎጣውን ዳክዬ አስመስለው ያስቀምጣሉ፤ እኔ ደግሞ በየቀኑ እፈታዋለሁ። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እሄዳለሁ። ዓይኔ ውስጥ ያለው አየር ያን ጊዜ ክብ አረፋ ሆኖ ከታች ይታየኝ ነበር፤ ራሴን ሳዘነብል እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ ወዲያ ወዲህ ይላል። እየቀነሰ ሄደ፤ ባቄላ አከለ፣ ከዚያም ምስር። አረፋው ባነሰ ቁጥር ልጄ ሥራ አበዛችብኝ። ዛሬ ገበያ፣ ነገ የአበባ ቦታ፣ ከነገ ወዲያ ሙዚየም። በተፈጥሮዋ ቁጥብ ናት፤ እንዲህ ስትባክን አይቻት አላውቅም። አንዳንዴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ለረጅም ጊዜ ትከፍተዋለች፤ ስትወጣ ግን ፀጉሯም ገላዋም ደረቅ ነው።

አንድ ቀን ስነሣ አረፋው የለም። ራሴን አዘነበልኩ፤ የለም። ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ በመብራቷ ዓይኔን መረመረችና ወደ ልጄ ዞረች።

«መብረር ትችላለች፤ በፈለጋችሁት ቀን» አለች በእንግሊዝኛ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ትንሽ ይቀራል አለች፣ እማዬ። እንግዲህ አንድ ሁለት ሳምንት እንታገሣለን።»

እንግሊዝኛ ስናገር ልጄ ሰምታኝ አታውቅም። ትምህርቱን ከተውኩ ብዙ ጊዜ ነው፤ መካነ ሰላም ከማን ጋር እናገረዋለሁ? ረስቼዋለሁ ብላ ይሆናል፣ ወይም አስባውም አታውቅ ይሆናል። እሺ አልኳት። ይህቺ ልጅ በሕይወቷ ዋሽታኝ አታውቅም። ለምን እንደዋሸችኝ ከመጠየቄ በፊት ለብቻዬ ላስብበት ፈለግሁ።

በማግስቱ ከሰዓት ልትዋኝ ወረደች፤ ስልኳን አልጋው ላይ ረስታዋለች። ሲጮህ አየሁት፤ የጎረቤቴ ስም ነው። አነሣሁት።

«አንቺ ነሽ?» ብላ ደነገጠች። «ልጅሽስ?»

«ልትዋኝ ወርዳለች። መስመሩ ተከፈተ?»

«የቱ መስመር?» አለችና መለስ ብላ፣ «አዎ፣ አዎ፤ ተከፈተ፣ አልሃምዱሊላህ። ዶሮዎችሽ ደህና ናቸው። ቤትሽም ደህና ነው።»

«ወንድሜስ?»

ከወዲያ በኩል የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«እሳቸውም… እሳቸውም ደህና ናቸው። አብሽሪ፤ ዓይንሽን ብቻ ጠብቂ።»

ከተጎራበትን ጀምሮ ወንድሜን አንድ ቀን እሳቸው ብላው አታውቅም። ፊት ለፊቱም፣ ከጀርባውም ያ ቁጡ ነበር። ሰላም በይልኝ ብዬ ስልኩን ከነበረበት አስቀመጥኩት።

ልጄ ፎጣ ለብሳ ስትመለስ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ትክድ ነበር፤ ሌላ ውሸት ላስጨምራት አልፈለግሁም። ሳይረዱኝ ደግሞ የማለቅሰው ከማን ጋር ነው? ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ከዳር እስከ ዳር ተመላለስኩ፤ ምንጣፉ ወፍራም ስለሆነ የራሴን እርምጃ አልሰማውም። ሲያርፍ አልነበርኩም፤ ሲቀበርም አልነበርኩም። የቀረኝ አርባው ነው። መቼ እንዳረፈ ስለማላውቅ፣ አርባው ይምጣ ወይም ይለፍ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እኔ የአበባ ቦታ ስዞር አልፎ ከሆነስ? ጽዳት የምትሠራው ሴት ጋሪዋን እየገፋች ስታልፍ መዳፏን ገጥማ ሰላም አለችኝ፤ እኔም መዳፌን ገጠምኩላት።

በዚያው ዕለት ማምሻውን የልጄ ባል ከአዲስ አበባ መጣ።

«እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎ እንዴት ነው?» ብሎ ትከሻዬን ሳመ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

«ደህና ነው። በምን ጉዳይ መጣህ?»

«ለዕቃ ነው፣ እማማ።»

ለዕቃ የሚመጣ ነጋዴ ትልልቅ ባዶ ሻንጣ ይዞ ነው የሚመጣው። እሱ የያዘው ትንሽ የእጅ ቦርሳ ነው። በዚያ ላይ ከራት በኋላ ሁለቱ ወደ በረንዳው ወጥተው መስታወቱን ዘጉት። ሰው ለማርዳት ወንድ ይጠራል። ከዚህ ወዲያ የምጠብቀው አልነበረኝም።

ጠዋት ከእነሱ ቀድሜ ተነሣሁ። ልብሴን በቦርሳዬ ከተትኩ። የቀረችውን በሶ በጥብጬ ጠጣሁ፤ ላስቲኩን አጥፌ ያዝኩት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና እነሱ ለቁርስ መውረዳቸውን ሰምቼ ተከተልኳቸው። የአሳንሰሩ ምንጣፍ ሐሙስ ይላል።

ልጄ መጀመሪያ ያየችው ነጠላዬን ነው፤ ከዚያ ፊቴን።

«እማዬ፣ ማን ነገረሽ?»

«ማንም። መቼ ነው ያረፈው?»

ባሏ ከምሰሶው ተነሥቶ መጣ። «እማማ፣ እስቲ ይቀመጡ…»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ቀዶ ሕክምና በተደረገልሽ በሳምንቱ» አለች ልጄ። «ሐኪሟ አታልቅስ ብላ የለ? ዓይንሽ እስኪጠና ብለን ነው። አገር ቤት ያሉትም እንደዚያው አሉ። ጎረቤትሽም በየቀኑ እየደወለች አደራ ትለኝ ነበር።»

«አርባው?»

ተያዩ።

«እሑድ ነው» አለች። «ግን አትደርሺም፣ እማዬ። ብንሄድም ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለውን መንገድ አንቺው ታውቂዋለሽ። በዚህ ዓይን…»

«ሐኪሟ በፈለጋችሁት ቀን ብላለች።»

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። «ሰምተሻት ነበር?»

«ደሴ ያስተማሩኝ መምህር ከእሷ ይልቅ ፈጥነው ነበር የሚናገሩት።»

ባሏ ስልኩን አነሣ። «የዛሬውን በረራ ልሞክር፣ እማማ። ቦታ ከተገኘ ነገ ማለዳ አዲስ አበባ ነን። መኪና እኔ አዘጋጃለሁ።»

ልጄ አልቻለችም፤ ማሰሮው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንግዳ ተቀባይዋ ውሃ ይዛ መጥታ፣ ለማን እንደምትሰጥ ግራ ገብቷት መካከላችን ቆመች።

«አንቺ አልቅሺ» አልኳት ልጄን፤ «ያንቺ ዓይን ጤነኛ ነው።»

«ቢያንስ ቁርስ ቅመሺ፣ እማዬ። ትኬቱ እስኪገኝ።»

«እዚያው አውሮፕላን ማረፊያው እጠብቃለሁ።»

ባሏ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ተቀበለኝ። በረኛው የመስታወቱን በር ከፈተ። ወጣሁ።