ሦስት ቦታ የተለጠፈው ሳጥን

ዐረብ አገር መጥቼ አል መዝሩዒያ በሚባል ሰፈር በቤት ሠራተኝነት ከገባሁ ጀምሮ አርብ ከሰዓት ብቻዬን ነኝ። ማዳም ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ለእኔ የሚቀረው ዋይፋዩና ትልቋ ልጅ አዲስ ሲገዛላት ከነድረ ገጽ መማሪያ ፋይሎቹ የጣለችው ላፕቶፕ ነው። አሥራ ሁለተኛን ብጨርስም ኮምፒውተር በቅጡ የነካሁት እዚህ ነው። ድረ ገጽ መሥራት የተማርኩት ወድጄው አይደለም፤ ግድግዳ ማየት ሰልችቶኝ ነው።

የሠራሁት ለጸሎት ኅብረታችን ነው። ቱቅባ በሚባል ራቅ ያለ ሰፈር ውስጥ በየጊዜው ቤት እየቀያየሩ በድብቅ የሚጸልዩ ሐበሾች ናቸው። እኔን በስልክ ያስገቡኛል እንጂ በአካል አንድም ቀን አልተገኘሁም። ገጹ ያለ ይለፍ ቃል አይከፈትም፤ ያም ሆኖ አድራሻ አንጽፍም። ቤቶቹ ቅጽል ስም አላቸው፤ ፍሪጁ የሚጮኸው ቤት፣ ሰማያዊ ምንጣፍ ያለው ቤት። የሳምንቱን ቤት የሚናገር ትንሽ ሳጥን በመዝሙር፣ በጸሎትና በማስታወቂያ ገጾች አናት ላይ ይታያል።

እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ኮንትሮለር አለው፤ ሰው ገጹን ሲከፍት ምን እንደሚታየው የሚያዘጋጀው ክፍል ማለት ነው። እኔ ሰነፏ ሳጥኑን ለማስታወቂያው ሠርቼ ሌሎቹ ሁለቱ ላይ ገልብጬ ለጠፍኩት። ቤት በተቀየረ ቁጥር ሦስት ቦታ ማረም ነበረብኝ። አንድ ሳምንት የመዝሙሩን ረሳሁት።

የዚያው ሳምንት አርብ ስልኬ ጮኸ። በየመን በኩል የገባች፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ልጅ ናት። ፊቷን አላውቅም፤ ድምጿን ከጸሎት ለይቼዋለሁ።

«እህቴ፣ ፍሪጁ ቤት ነኝ። የከፈተልኝ የማላውቀው ሰው ነው።»

«ምን አለሽ?»

«‹ማፊ፣ የሉም› ብሎ በሩን ዘጋው። ፖሊስ ሊጠራ ይሁን አላውቅም። ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ።»

«ማን ነው እዚያ ሂጂ ያለሽ?»

«ገጽሽ ነዋ። መዝሙር ላጠና ስገባ ያየሁት ይኼንን ነው።»

«ያ ቤት ተለቋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ውረጂ፣ ግን አትሩጪ። ሰማያዊ ምንጣፉ ጋ ሂጂ።»

«እሱስ አለ ወይስ እሱም ተለቋል?»

«አለ። ሂጂ።»

እስክትደርስ ስልኩን አልዘጋንም። ለራሷ ድፍረት እንዲሆናት የምታልፈውን ሁሉ ትነግረኛለች፤ ልብስ ሰፊው፣ የተዘጋው ዳቦ ቤት፣ መኪና የሚያጥቡት ሰዎች። እዚህ አገር ከመጣሁ፣ በስልክም ቢሆን፣ ያን ያህል ርቄ ሄጄ አላውቅም። «ደረስኩ» አለችና ዘጋችው። ቤቱ እንደገና ጭር አለ።

ወዲያው ቁጭ ብዬ ሳጥኑን ከሦስቱም ገጾች ነቀልኩት። ብቻውን አንድ ፋይል አደረግኩት፤ የሳምንቱን ቤት ራሱ መረጃው ከሚቀመጥበት ዳታቤዝ ያመጣል፣ ሦስቱም ኮንትሮለሮች ሲጠሩት ተዘጋጅቶ ይመጣላቸዋል። አንድ ቦታ ብቻ አርሜ ሦስቱንም ከፈትኳቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ይላሉ። መጀመሪያውኑ እንዲህ መሥራት ነበረብኝ።

በሚቀጥለው አርብ ደወለች።

«ዛሬስ የት ነው? ገጽሽን አላምነውም፣ ካንቺ አፍ ልስማው።»

ነገርኳት። «እየሄድሽ አትዝጊው» አልኳት።

አሁንም በየአርቡ ትደውላለች፤ ልብስ ሰፊውን አልፋ፣ ዳቦ ቤቱን አልፋ እስክትደርስ አብሬያት እሄዳለሁ። ሳጥኑ መስተካከሉን አልነገርኳትም።