ድምፅ የሌለው የነስሩ ኮምፒውተር

ጠዋት ስልኬ ላይ «ነስሩ አረፈ» የሚለውን ሳነብ፣ ሌላ ነስሩ ይሆናል አልኩ። በዚህ ከተማ ስንት ነስሩ አለ! ደወልኩለት። ያነሳችው ባለቤቱ ፈቲያ ናት፣ እያለቀሰች።

ለማታውቁት፣ ነስሩ እዚህ ወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 4 ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግን የነበረ የድሬ ልጅ፣ አብሮ አደጌ ነው። አንድ የጋራ እብደት ነበረን። ልጆች ሆነን ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ተራ እየጠበቅን ጌም የተጫወትንበትን ዓይነት አሮጌ ኮምፒውተር፣ በዚያን ጊዜ ዕቃ ብቻ፣ እያንዳንዳችን እንደገና ልንገጣጥም።

ዕቃ ሲመርጥ ብታዩት! ማዘርቦርዱን አንስቶ መጀመሪያ ያሸተዋል፣ የተቃጠለ ነገር ይኖረው እንደሆነ። የባሕሩ ጨው የበላውን ደግሞ በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ያውቀዋል። እኔ መልኩን አይቼ ልገዛ ስል «አቦ፣ ቆንጆ አትፈልግ፣ ጤነኛ ፈልግ!» ይለኛል። ነጋዴዎቹ «ምሳ አልበላህም እንዴ?» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ምን ገዶት!

አንድ ሕግ ነበረን። ያገኘ ይደውላል፣ ብቻውን የሚመርጥ የለም። ከፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ቢሮዎች አሮጌ ኮምፒውተር በወጣ ቁጥር፣ እኔ ሳልደርስ አንድ ብሎን አይፈታም ነበር።

እኔ ግን አልደወልኩም።

ሁለታችንም የቸገረን ለማሽኑ ድምፅ የሚሰጠው ሳውንድ ካርድ ነበር። ከረመዳን በኋላ አንድ ብቻ አገኘሁ። የእኔ ማሽን ከእሱ ቀድሞ እንዲጮህ ፈለግኩ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ወስጄ ገጠምኩት። በጠየቀኝ ቁጥር «እየፈለግኩ ነው» አልኩት። «ቤትህ ልምጣ» ሲለኝ ሰበብ እደረድራለሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ወራት አለፉ።

ከቀብር መልስ ጋቦዴ ሰፈር ያለው ቤቱ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ አለ። ፈቲያ ሳየው አየችኝና «ድምፁ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱንም ጀማል እየፈለገልኝ ነው ይል ነበር» አለችኝ። ጀማል እኔ ነኝ።

ነስሩዬ፣ አግኝቼው ነበር።

ይህን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ የምጽፈው ወደኋላ እንዳልል ነው። ነገ ካርዱን ነቅዬ ለፈቲያ እወስዳለሁ፣ ስንት ጊዜ እንደዋሸሁህም ራሴ እነግራታለሁ። ነግሬህ ቢሆን ኖሮ ሰድበኸኝ፣ ስቀህብኝ፣ ዕቃውን ገጥመህ ታልፈው ነበር። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

አላህ ይዘንልህ። አውፍ ብለህ ይቅር ልትለኝ የምትችለው አንተ ብቻ ነበርክ። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።