ሕፃን የሚል ቃል ያለበት ሁሉ

ማጣቀሻ ማዘጋጀት ለእኔ ሰውን ለቅሶ ቤት ይዞ እንደ መግባት ነው። ማንን ይዤ እንደምገባ አስባለሁ፤ አፉ የማያርፍ ሰው ከሆነ ደጅ አስቀረዋለሁ። ይህንን አዲስ አበባ ላለው ቢሮ ስንቴ ጻፍኩላቸው!

መካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ አስተምር ነበር። ያኔ ትምህርቱን ፕላዝማ ወስዶብን፣ እኛ መምህራን ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆነን ቀርተናል። እኔም በትርፍ ጊዜዬ የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ሶፍትዌር ለሚሠራ ቢሮ ማጣቀሻ አዘጋጅ ነበር። በየጥቅሱ ሥር አንባቢውን የሚረዱትን ጥቂት ጥቅሶች መረጥኩ። ከእያንዳንዱም አጠገብ ለምን እንደተጠቀሰ አጭር መስመር ጻፍኩ፤ «ይህ ተስፋ እዚህ ተፈጸመ»፣ «ታሪኩ ያው ነው፣ ተራኪው ሌላ ነው» እያልኩ።

አዲሱ እትም በሲዲ ተባዝቶ ሲመጣ ደሜ ፈላ። መስመሮቼን አንድ ሳያስቀሩ አውጥተዋቸዋል፤ «ስክሪኑን አጣበቡት» ተባልኩ። በምትኩ ማሽኑን ተመሳሳይ ቃል ያለበትን ሁሉ ሰብስብ ብለውታል። በግ የሚል ጥቅስ በግ ካለበት ሁሉ ጋር ተቆራኝቷል፤ የመሥዋዕቱም፣ የሚሸለተውም፣ የጠፋውም። ሽፋኑ ላይ ደግሞ ስለ ማጣቀሻው ብዛት በወርቃማ ቀለም ተፎክሯል። እንደ ጤፍ መበተን ምን ችሎታ ይጠይቃል?

መስመሮቼ ያሉበትን የፊተኛውን እትም ለባልደረባዬ ሚስት ጭኜላት ነበር፤ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ስለሆነች ቢሮዋ ባለው ኮምፒውተር ላይ። አዲሱም ሲመጣ እሷው ራሷ ተክታ ጫነችው። በዚያው ሰሞን የመጀመሪያ ልጃቸው ገና ሳይድህ ሞተባቸው። ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት አልተለያቸውም። አጥር የሚጋሯቸው ሼህ ገብተው «አብሽሩ ልጆቼ፣ አይዟችሁ» ብለው ተቀመጡ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ምን መናገር እንደሌለባቸው ያውቁ ነበርና።

እናትየዋ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ኮምፒውተሩ ላይ ጌታ ሕፃናትን ያቀፈበትን ቦታ ከፈተች። ሕፃን የሚለውን ቃል ስትነካው ዝርዝሩ ጎረፈ፤ ዓይኗን ጨፍና አንዱን ተጫነች። የወጣላት የንጉሥ ዳዊት ሕፃን በአባቱ ኃጢአት የሞተበት ታሪክ ነው። በአገራችን ችግር የጸናበት ሰው አዋቂ ዘንድ ሄዶ መጽሐፍ ያስገልጣል፤ የተገለጠው ቦታ መልሱ ነው። እሷም ኮምፒውተሩን እንደዚያ ቆጠረችው። ማታ ባሏን «ተገልጦልኛል። ምን ሠርተህ ነው ልጄን ያስገደልክብኝ?» አለችው። ቢምልም ቢገዘትም አላመነችውም።

በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። «ወግዲ ከተማ፣ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ። እንደ ገዳይ እያየችኝ እንዴት አብሬያት ልኑር?» አለኝ። ነገሩን ሁሉ የሰማሁት ያኔ ነው።

አውቶቡስ ላይ ሸኝቼው በቀጥታ ቴሌ ሄድኩና ለቢሮው ኃላፊ ደወልኩ።

«ስህተቱ የቱ ላይ ነው፣ መምህር?» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። «ሁለቱም ጥቅስ ላይ ሕፃን የሚል ቃል አለ።»

«የሚያነበው ሰው ነው እኮ! ልጅ የሞተበት ሰው!»

«አስተያየትዎን በሚቀጥለው እትም እናየዋለን።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ጠረቀምኩበት። ከዚያ እሷ ቢሮ ሄድኩ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«መጽሐፉ አይደለም እንዲህ ያለሽ» አልኳት። «ማሽን ነው፣ ቃል ለቅሞ የገጣጠመው።»

«ሁለቱን ማን አገናኛቸው?»

«ማንም።»

«ሰው ካላገናኛቸውማ እግዜር ነው» አለች።

ያ ሰውዬ አዲስ አበባ ተቀምጦ እትም ይቆጥራል፤ እዚህ የእሱ ስንፍና የእግዜር ፍርድ ሆኖ ትዳር ያፈርሳል! ማሽን ምን እንደሆነ ላስረዳት ብጀምር ዓመት አይበቃኝም።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «እኔ ነኝ ያገናኘኋቸው። ሳላስብ፣ ሥራ ቶሎ ለመጨረስ ብዬ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ? ልጄን ቀብረህልኝ? ቤቴ ተቀምጠህ አብረህ አልቅሰህ?»

ከዚያ ረገመችኝ። ያልጠራችብኝ መዓት አልነበረም፤ ቆሜ ተቀበልኩት። ድምፅዋ ሲዘጋ የጠረጴዛዋን ስልክ አንስታ ወግዲ፣ የባሏ ወንድም ሱቅ ደወለች። «ቤትህ ግባ» ስትለው ሰማሁ። እኔን ግን እስከ ዛሬ አታናግረኝም።